ከሰሉ ይቅደም፣ ኦክስጅኑ ይከተል

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው እትም ከድንጋይ ከሰል ጋዝ ስለሚያመርቱ ፋብሪካዎች ጥቂት ጽፌ ነበር። ለአዲስ አንባቢዎች ልድገመው። እኔ የኢንስትሩመንት ሰው ነኝ። ቻይና፣ ኒንግሺያ ውስጥ፣ ከከሰል ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር የምሠራው። ሥራዬ ሙቀት፣ ግፊትና ፍሰት የሚለኩ ዕቃዎችን መትከል፣ መፈተሽና መጠገን ነበር። አሁን ደብረ ማርቆስ ሆኜ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ከዚያ ጽሑፍ በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከዚሁ ከጎጃም ናቸው። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ከቡሬ የተላከ

«መምህር፣ እኛ ገበሬዎች ነን። በቆሎ ያለ ዩሪያ አይሆንም፤ በየዓመቱ ለእሱ ነው የምንጨነቀው። እርስዎ ደግሞ ዩሪያ ከድንጋይ ከሰል ይወጣል ብለው ጻፉ። ጥቁር ድንጋይ እንዴት ነጭ ማዳበሪያ ይሆናል? ከሆነስ ለምን እኛ አገር አይሠራም?»

ጋሼ፣ ከሰሉ ራሱ ማዳበሪያ አይሆንም። ዩሪያ ውስጥ ሰብሉ የሚፈልገው ናይትሮጅን ነው፤ ከክብደቱ 46 በመቶ ይሆናል። ናይትሮጅኑ የሚመጣው ከምንተነፍሰው አየር ነው። የጎደለው ሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅን ደግሞ ውሃ ውስጥ አለ፤ ግን ከኦክስጅን ጋር ተጣብቋል። በጣም የጋለ ከሰል በእንፋሎት ሲመታ ኦክስጅኑን ለራሱ ይወስድና ሃይድሮጅኑን ይለቀዋል። በዚህ መንገድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን የተቀላቀሉበት ጋዝ ይገኛል፤ ይህ የሚሆንበት ጋን ጋዚፋየር ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን እንደገና በእንፋሎት ሲያስኬዱት ተጨማሪ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ሃይድሮጅኑ ከናይትሮጅን ጋር አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው ከዚያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ነጩ ዩሪያ ይወጣል።

አገራችን የድንጋይ ከሰል አላት። ኢሉባቦር፣ ያዮ ላይ በዚሁ መንገድ ዩሪያ ለማምረት ፋብሪካ ተጀምሮ ነበር፤ ሳያልቅ ቀረ። ጎዴ ላይ የታቀደው ደግሞ በተፈጥሮ ጋዝ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ አመድ የለውም፣ ለመለካትም ለመቆጣጠርም ይቀላል። ከሰል ግን አስቸጋሪ ነው። እንዴት እንደሚያስቸግር ከታች ለተማሪዎቹ በሰጠሁት መልስ ያገኙታል።

ከእንጅባራ የተላከ

«ቤተሰቦቼ ፋግታ ለኮማ ናቸው፤ ዲከረንስ እየተከሉ ከሰል ያከስላሉ። አባቴ ክምሩን በአፈር ከደፈነው በኋላ ውስጡን አያየውም። የጭሱን ቀለም እያየ አንዱን ቀዳዳ ይከፍታል፣ ሌላውን ይደፍናል። እኔ ባሕር ዳር ኬሚካል ኢንጂነሪንግ እማራለሁ። ጋዚፋየር ውስጥ ሙቀቱ ከ1,300 ዲግሪ በላይ ከሆነና እዚያ የሚገባ ሁሉ የሚበላ ከሆነ፣ ኦፕሬተሩ ሙቀቱን በምን ያውቃል?»

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጥያቄህ የዚህ ሙያ ዋናው ጥያቄ ነው።

አባትህ ወፍራም ነጭ ጭስ ሲያይ እንጨቱ ገና ውሃውን እየለቀቀ መሆኑን ያውቃል። ጭሱ ሲሳሳና ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ከሰሉ ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቀዳዳውን ካልደፈነ ድካሙ ሁሉ አመድ ይሆናል። ውስጡን ሳያይ ከሚወጣው ነገር ይፈርዳል። የጋዚፋየር ኦፕሬተርም ዞሮ ዞሮ እንዲሁ ነው የሚፈርደው፤ ልዩነቱ ጭሱን የሚያነብለት መሣሪያ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ግን በቀጥታ ለመለካት ይሞከራል። እኔ የሠራሁበት ዓይነት ጋዚፋየር ረጅም የብረት ጋን ነው። ውስጡ እሳት በሚችል ጡብ ተገንብቷል። ከሰሉ ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ይደባለቅና ስላሪ የሚባል ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ይህ ስላሪና ንጹሕ ኦክስጅን አንድ ላይ ከላይ ባለው በርነር ይረጫሉ። ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት አርባና ስድሳ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሙቀቱ ከ1,300 እስከ 1,500 ዲግሪ ነው። አመዱ እዚያ ውስጥ ይቀልጣል፤ በጡቡ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ታች ወደ ውሃው ይወርዳል። ይህን የቀለጠ አመድ ስላግ እንለዋለን።

ለዚህ ሙቀት የሚመረጠው ቢ ዓይነት ቴርሞካፕል ነው፤ ቴርሞካፕል ሁለት የተለያዩ ሽቦዎች ጫፋቸው ተገናኝቶ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ነው። ሁለቱም ሽቦዎቹ ፕላቲኒየምና ሮዲየም ናቸው፤ ዋጋቸውም ውድ ነው። በሴራሚክ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ጡቡን አልፎ ይገባል። ጫፉ ወደ እሳቱ አያልፍም፤ ከጡቡ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ ይደረጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያውም ከእውነተኛው ሙቀት ዝቅ ብሎ ያነባል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ታስቦበት ነው የሚሠራበት።

ከዚያ ጠላቶቹ ይነሱበታል። ስላጉ የሴራሚክ ሽፋኑን ይበላዋል። ጡቡ ሲግል ይለጠጣል፣ ይንቀሳቀሳል፤ ሲንቀሳቀስ ቴርሞካፕሉን እንደ ብረት መቁረጫ ይቆርጠዋል። ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰርገው ገብተው የሽቦውን ጠባይ ይለውጡታል። በጣም የምፈራው ይህን የመጨረሻውን ነው። የተቆረጠ ቴርሞካፕል መቆረጡን ይናገራል፤ ኮንትሮል ሩም ውስጥ ወዲያው ይታያል። የተመረዘ ቴርሞካፕል ግን ቀስ እያለ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ንባቡን እያወረደ ይዋሻል። ኦፕሬተሩ «ቀዘቀዘ» ብሎ ኦክስጅን ይጨምራል። ጡቡ የሚቃጠለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ሙቀቱ ከሚገባው ቢወርድ ስላጉ ይወፍራል፣ መውጫውን ይዘጋል፤ ፋብሪካው ይቆማል። ቢወጣ ስላጉ በጣም ይቀጥናል፣ ጡቡ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጡቡ በፍጥነት ያልቃል። ጡቡ በብዙ የክሮሚየም ኦክሳይድ የተሠራ ውድ ዕቃ ነው። እንደ አያያዙ በጥቂት ወራት ሊያልቅ ይችላል፤ በደንብ ከተያዘ ከዓመት በላይ ይቆያል። መቀየሩ ራሱ ሳምንታት ይፈጃል። በእነዚህ በሁለቱ መሐል ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ሃምሳ ዲግሪ ብዙ ነው።

ስለዚህ ኦፕሬተሩ ሌሎች ምስክሮችን ይጠራል። የመጀመሪያው ሚቴን ነው። ከጋዚፋየሩ በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ሚቴን በጣም ትንሽ ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ነገር ግን ሙቀቱ ሲጨምር ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ሲወርድ ይጨምራል። ለዚህ ነው ቴርሞካፕሎቹ ገና አዲስና ታማኝ እያሉ በጎን መዝገብ የሚያዘው። በዚህ ከሰል፣ በዚህ ጭነት (በዚህ የምርት መጠን)፣ ሙቀቱ ይህን ያህል ሲሆን ሚቴኑ ይህን ያህል ነው እየተባለ ይጻፋል። ቴርሞካፕሎቹ አንድ በአንድ ሲሞቱ ያ መዝገብ በእነሱ ቦታ ይናገራል። ይህን መዝገብ ያልያዘ ፋብሪካ በኋላ ላይ ዓይኑን አጥቶ ነው የሚሠራው። ከሰሉ ሲቀየር ደግሞ መዝገቡ እንደገና መጀመር አለበት። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው ስላጉ ነው። ከታች በኩል የሚወጣውን ስላግ አንድ ሰው በአካፋ አንሥቶ ያየዋል። ደህና ሲሆን እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጠጠር ነው። ሲቀዘቅዝ ያልነደደ ከሰል ይበዛበታል። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ከተቀመጡት ይልቅ በየሺፍቱ ወርደው ስላጉን በእጃቸው ይዘው የሚያዩትን ኦፕሬተሮች አከብር ነበር።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱም ይናገራል። ኦክስጅን ሲበዛ ጋዙ መቃጠል ይጀምራልና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ይላል። የውጪው ብረት ላይ የተበተኑት የሙቀት መለኪያዎች ደግሞ ውስጡ ጡብ የሳሳበትን ቦታ ያሳያሉ። በርነሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ሲመለስ ከውስጡ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ... አይ፣ ሽታ የለውም። በመሣሪያ ነው የሚታወቀው። እዚያ ውሃ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከተገኘ በርነሩ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ክርክር የለውም፣ ይቆማል።

አንድ ምክር ልጨምርልህ። የጋዝ መመርመሪያው ውስጥ የሚገባው ናሙና መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ይጣራል፣ ውሃው ይለያል፣ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የምታየው ቁጥር የአሁኑ አይደለም፤ ከደቂቃዎች በፊት የነበረው ነው። ቁጥሩ ሲዘገይ ትዕግሥት የሌለው ኦፕሬተር ኦክስጅኑን ደጋግሞ ይነካካል። ከዚያ ሙቀቱ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። ባሕር ዳር ስለ ኮንትሮል ስትማር ስለ መዘግየት የሚያወራውን ምዕራፍ አትዝለለው።

ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ

«በክፍል ውስጥ ስለ ቦይለር ስንማር፣ ጭነት ሲጨመር አየር ይቀድማል፣ ነዳጅ ይከተላል ተብለናል። እርስዎ ባለፈው ጽሑፍዎ ግን ጋዚፋየር ላይ ከሰል ይቀድማል፣ ኦክስጅን ይከተላል አሉ። የትኛው ነው ትክክል?»

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ጥሩ ጠይቀሃል፤ ይህን የማይጠይቅ ሰው ቦይለር ላይ የለመደውን ይዞ ጋዚፋየር ላይ ቢቀመጥ አደጋ ነው።

እያንዳንዱ ዕቃ የሚፈራውን ነገር እይ። ቦይለር ውስጥ አየር ሁልጊዜ ትንሽ ይበዛል። የሚፈራው ያልተቃጠለ ነዳጅ ተጠራቅሞ በኋላ በአንድ ጊዜ እንዳይፈነዳ ነው። ስለዚህ ጭነት ሲጨምር አየሩ ቀድሞ ይመጣል፤ ሲቀንስ ነዳጁ ቀድሞ ይወርዳል። ጋዚፋየር ውስጥ ደግሞ ነዳጁ ሆን ተብሎ ይበዛል፤ ዓላማው ማቃጠል አይደለምና። የሚገባው ኦክስጅን በሙሉ እዚያው ማለቅ አለበት። የሚፈራው ሥራ ያላገኘ ኦክስጅን አምልጦ ወደፊት እንዳይሄድ ነው። ወደፊት ያለው ምንድን ነው? ቧንቧ ሙሉ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ነው። እዚያ ኦክስጅን ከገባ ፍንዳታ ነው። ከዚያም በፊት ሙቀቱ በድንገት ወጥቶ በርነሩንና ጡቡን ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ጭነት ሲጨመር ከሰሉ ይቅደም። ሲቀነስ ኦክስጅኑ ቀድሞ ይውረድ።

ይህ በኦፕሬተር ጥንቃቄ ብቻ አይተውም፤ ኮንትሮሉ ውስጥ ይጻፋል። ኦክስጅኑ የሚታዘዘው ከሁለት ቁጥሮች ለትንሹ ነው። አንዱ ኦፕሬተሩ የፈለገው ጭነት ነው። ሌላው አሁን በእርግጥ እየገባ ያለው ከሰል የሚፈቅደው ነው። ከሰሉ ደግሞ ለትልቁ ይታዘዛል፤ በተፈለገው ጭነትና አሁን እየገባ ያለው ኦክስጅን በሚጠይቀው መሐል። ለምሳሌ ለአንድ ቶን ደረቅ ከሰል 0.9 ቶን ኦክስጅን ይገባል እንበል። በሰዓት 50 ቶን ከሰል እየገባ ከሆነ ኦክስጅኑ ከ45 ቶን አያልፍም። ኦፕሬተሩ 60 ቶን ከሰል ቢያዝ ከሰሉ ወዲያው መውጣት ይጀምራል፤ ኦክስጅኑ ግን መለኪያው «ከሰሉ መጣ» እስኪል ይጠብቃል።

አሁን ክፉውን ነገር አስብ። መለኪያው ቢዋሽስ? ስላሪ የሚለካው በማግኔት ፍሰት መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ የሚለካው በቧንቧው የሚያልፈውን ፈሳሽ ፍጥነት ነው። ስላሪው ውሃ ቢበዛበት ፍሰቱ ያው ይሆንና ከሰሉ ግን ያንሳል። ከሰሉ 45 ቶን ብቻ ሆኖ መለኪያው 50 ካለ፣ ኦክስጅኑ በ45 ይቀጥላል። ያ 0.9 የነበረው አሁን 1.0 ሆኗል፤ ማንም አላወቀም። ለዚህ ነው የስላሪው ውፍረት በየጊዜው የሚለካው። የፓምፑ ፍጥነት የሚነግረው ፍሰትና መለኪያው የሚለው ፍሰትም ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁለቱ ከተለያዩ አንዱ ታሟል። ብዙ ጊዜ የሚታመመው የፓምፑ ቼክ ቫልቭ ነው፤ ጠጠር ይይዘውና ወደ ኋላ ያፈሳል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ከኮንትሮሉ ተለይቶ የቆመ የማቆሚያ ሥርዓት አለ። የራሱ መለኪያዎች፣ የራሱ ኮምፒውተር፣ የራሱ ቫልቮች አሉት። ለዋና ዋና ነገሮች ሦስት ሦስት መለኪያ ይተከላል። ከሦስቱ ሁለቱ «የስላሪው ፍሰት ወርዷል» ካሉ የኦክስጅን ቫልቮቹ በሰከንዶች ይዘጋሉ። በሁለቱ ቫልቮች መሐል ከፍተኛ ግፊት ያለው ናይትሮጅን ይገባል፤ በርነሩም በናይትሮጅን ይጠረጋል። ሦስት የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። አንድ ብቻ ቢሆን በታመመ ቁጥር ፋብሪካውን በከንቱ ያቆማል፣ ወይም በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ይላል።

ኒንግሺያ ክረምቱ ከባድ ነው፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል። አንድ ሌሊት ከጋዚፋየሩ ሥር ያለውን የውሃ ከፍታ ከሚለኩት ሦስት ትራንስሚተሮች (ንባቡን ወደ ኮንትሮል ሩም ከሚልኩ መሣሪያዎች) አንዱ በጣም ጥሩ መስሎ ነበር። ቀጥ ያለ መስመር ያሳያል። ሁለቱ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣሉ። አብሮኝ የነበረው አዛውንት ቻይናዊ ባለሙያ ጣቱን ያኛው ቀጥ ያለው መስመር ላይ አደረገና «ይህ ሞቷል» አለኝ። ወጥተን ስናየው ወደ ትራንስሚተሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ማሞቂያ ሽቦው ተቋርጦ ውሃው በረዶ ሆኗል። በረዶው ግፊቱን እንዳለ ይዞት ነበር። የሚፈላ፣ የሚፈስ፣ የሚነድ ነገር የሚለካ መሣሪያ ፀጥ ካለ ጠርጥሩት። ይህን ለተማሪዎቼ ሁሉ እነግራቸዋለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፣ የቴክኒክ ተማሪ

«ፒቲ-100 ሰንሰር በፈላ ውሃ ስንፈትሽ 92 ዲግሪ ብቻ አሳየን። ሌላ ቀየርን፣ ያውም 92 አለ። ሁለቱም ተበላሽተዋል?»

አልተበላሹም፣ እንዳትጥሏቸው! ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ወለል ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች 94 አካባቢ ታገኛላችሁ። ፒቲ-100 ሲሞቅ በኦም የሚለካው የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፤ በማልቲሜትር ከፈተሻችሁት እዚህ 135.5 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት። 138.5 ካነበበ ያን ጊዜ ነው የምትጠራጠሩት። ሌላውን ጫፍ በተፈጨ በረዶና ውሃ ፈትሹ፤ እዚያ ከፍታው ለውጥ የለውም፣ 100 ኦም ነው።

ይኸው ከፍታ ግፊት ላይም ይመጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ መጽሐፉ የሚለው 101 ነው። ተራ የግፊት መለኪያ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። የጋዝ ፍሰት ስታሰሉ ግን ፍጹም ግፊት ያስፈልጋል። መጽሐፍ ላይ ያለውን 101 ደምራችሁ ብትሠሩ፣ ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነ ቧንቧ ላይ ስሕተቱ ትልቅ ይሆናል። ደጋ ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን መቼም መርሳት የለብንም።

ከፍኖተ ሰላም፣ አሠልጣኝ

«ትራንስሚተር ንባቡን የሚልክበት የኤሌክትሪክ ምልክት ለምን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ሆነ? ለምን ከዜሮ አይጀምርም?»

ዜሮ ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው ነው። ከዜሮ ቢጀምር፣ ታንኩ ባዶ ሲሆንም ሽቦው ሲቆረጥም ንባቡ ዜሮ ይሆን ነበር። አሁን ባዶ ታንክ 4 ነው፣ ግማሽ 12 ነው፣ ሙሉ 20 ነው። ዜሮ ከመጣ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ኃይል የለም። ደግሞም ብዙዎቹ ትራንስሚተሮች በዚያችው በ4ቷ ሚሊአምፔር ነው ራሳቸውን የሚያንቀሳቅሱት፤ ሌላ የኃይል ሽቦ አያስፈልጋቸውም። ተማሪዎችዎን በ250 ኦም ሬዚስተር አስፈትሿቸው፤ ከ1 እስከ 5 ቮልት ሲያነቡ ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል።

ከደጀን የተላከ

«የምሠራው ከሰል ፈጭቶ በሚያነድ ፋብሪካ ነው። የተፈጨው ከሰል የሚቀመጥበት ሲሎ ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያው ከፍ አለ። የሙቀት መለኪያው ግን ምንም አላሳየም። አለቃችን መለኪያው ተበላሽቷል አለ። ማንን እንመን?»

ካርቦን ሞኖክሳይዱን እመኑ። ከሰል ሙቀትን በደንብ አያስተላልፍም። ሲሎው መሐል ላይ ሲጨስ ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ለረጅም ጊዜ ምንም ላይሰማው ይችላል። ጋዙ ግን በዱቄቱ መሐል እየሾለከ ቀድሞ ይወጣል። ደግሞ ይህን አስተውሉ፤ የናሙና ቱቦው ቢያፈስ ንጹሕ አየር ስለሚስብ ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ ከፍ ያለ ንባብን በቀላሉ «ብልሽት ነው» ማለት አይገባም። መጠኑ በታወቀ ጋዝ መለኪያውን መፈተሽ ይቻላል፤ እስኪፈተሽ ድረስ ግን እውነት ነው ብላችሁ ተንቀሳቀሱ።

ክዳኑን ከፍቶ ለማየት መሞከር ክልክል ነው። አየር ታስገባላችሁ፣ ዱቄት ይነሣል፤ የከሰል ዱቄት በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ይፈነዳል። ውሃ በኃይል መርጨትም እንዲሁ ዱቄቱን ያስነሣል። ሲሎው ይዘጋ፣ ናይትሮጅን ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጠው፣ ሰው ከአካባቢው ይራቅ። ይህን ለአለቃህ በአክብሮት፣ ግን በጽሑፍ ስጠው።

ከሞጣ፣ ከአንዲት እናት

«ልጄ ውጭ አገር የጋዝ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ጋዙ መርዝ ነው ሲሉ ሰማሁ። እንቅልፍ አጣሁ። እውነት ነው ወይ?»

እናቴ፣ እውነቱን እነግርዎታለሁ። ጋዙ መርዝ ነው። እኔም ሠርቼበት በሰላም ተመልሻለሁ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም በየቀኑ ሠርተው በሰላም ቤታቸው ይገባሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ጥንቃቄው ነው።

ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ግማሽ ይደርሳል። ከአየር አንድ ሚሊዮን እጅ 1,200 እጁ እንኳ ለሕይወት አስጊ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ከደም ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ ይጣበቃል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። ሌላው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። እሱ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሽታው ጠፋ ብሎ የተረጋጋ ሰው ይሞታል። ናይትሮጅን ደግሞ መርዝ አይደለም፤ ግን በናይትሮጅን የተጠረገ ጋን ውስጥ የገባ ሰው ትንፋሽ ሳያጥረው ይወድቃል።

ልጅዎ ሲደውል እነዚህን ይጠይቁት። ደረትህ ላይ የምትሰካው የጋዝ መለኪያ ሰጥተውሃል? የካርቦን ሞኖክሳይዱ ማስጠንቀቂያ ብዙ ቦታ የሚጮኸው ከአየር ሚሊዮን እጅ 35 እጅ ሲደርስ ነው፤ የሃይድሮጅን ሰልፋይዱ 10 እጅ ሲደርስ። በየቀኑ ትፈትሸዋለህ? ብቻህን ትገባለህ ወይስ ሁለት ሆናችሁ? ጋን ውስጥ ከመግባትህ በፊት አየሩን የሚለካ ሰው አለ? ጓደኛህ ቢወድቅ ምን ታደርጋለህ? ለዚህ የመጨረሻው ትክክለኛው መልስ «ሮጬ አነሣዋለሁ» አይደለም። «አላርም እሰጣለሁ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ አድርጌ እገባለሁ» ነው። በዚህ ሥራ ጓደኛን ለማዳን ባዶ አፍንጫ ገብቶ የሞተ ብዙ ነው። እርስዎ ከጠየቁት አይረሳውም፤ የአለቃ ቃል የማይደርስበት ቦታ የእናት ቃል ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎ። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ የማገዶ ከሰል ምድጃ ውስጥም አለ። ሞጣም ደብረ ማርቆስም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሰው ከሰል አያይዞ በር ዘግቶ ይተኛል። እባክዎ እንዲህ አያድርጉ። ከሰሉ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ደህና ሆነ ማለት አይደለም፤ ጋዙ ያን ጊዜም ይወጣል። ምድጃውን ከመተኛትዎ በፊት ወደ ውጭ ያውጡት። ራስዎን ካመመዎት፣ አብረዎት ያሉትንም ካመማቸው፣ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለሐኪሙም ከሰል እንደነበረ ይንገሩት፤ ካልነገሩት በምርመራ ላያስበው ይችላል።